በቅሎ ሆኖ የጠየቀው ዶክተር

ዶክተር አበጀ ሞተ አሉኝ። ማመን አልፈለግኩም። ጎንደር፣ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ስልኩ የተደወለልኝ፤ «ይሄ የተለመደ ወሬ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ስንቱን በሬ ከሞት የመለሰ ሰው፣ ምነው ራሱን ያቅተው?

ፒያሳ ስደርስ ባለቤቱ ራሷ ደወለች። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬ ነው ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቁት፦ አበጀ ድብ ባሕር በምትባል የገጠር ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በየተራራው ብቻ ብቻችንን የተበተንን የእንስሳት ሐኪሞች የምንጠያየቅበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኖቹ የማዕረጋቸውን አጻጻፍ ሲያስተካክሉ፣ የታመመውን ከብት በሩቁ የሚያክመው አበጀ ነበር። ጠያቂው ወሬ ካበዛ «ተረቱን ተወውና ፎቶውን ላክ» ይላል። በዚህ አባባሉ ስንት ዶክተር ተቀይሞታል መሰላችሁ።

ተመርቄ ጃናሞራ የተመደብኩ ሰሞን አንዲት ላም አምጣ አምጣ ጥጃው አልወጣ አለ። ክንዴ እስከ ብብቴ ላሟ ውስጥ ነው። ባለ ላሙ አያ ደሴ ስልኬን ይዘውልኛል፤ አበጀ በስልኩ ይመራኛል።

«ማራኪ፣ ምን አገኘሽ?» ማራኪ የሚለኝ የተማርኩበት ግቢ ስም ስለሆነ ነው እንጂ ያኔ መልኬን አይቶት አያውቅም።

«እግር።»

«የፊት ነው የኋላ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ጉልበቱን ዳብሺው። አያ፣ እባክዎ ስልኩን ወደ ልጅቷ ጆሮ ያስጠጉልኝ። ላሟማ ብትሰማኝም አትታዘዘኝም።»

አያ ደሴ ስልኩን ወደኔ እያዞሩ፣ «ምነው ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሳያያት የሆዷን እንዴት አወቀው? ደብተራ ነው?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አለ አበጀ። «ደብተራ ብሆን ይሻለኝ ነበር።»

ጥጃው ወጣ። ሸጋ በሬ ሆኗል አሉ።

ይህ ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲመልስ ኖሮ፣ ለራሱ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

አንድ ገበሬ «ድንች አንቋታል» ብሎ ጊደሩን አመጣ። ምራቋ ይዝረበረባል። የመሥሪያ ቤቱ የእጅ ጓንት ግዢ «በሂደት ላይ» ነበር፤ አሁንም በሂደት ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ሂደቱን ይባርክ። ገበሬው መንጋጋዋን ከፍቶ ያዘ፣ አበጀ ባዶ እጁን አስገባ። ድንች የለም። ጥርሷ ጣቱን ቀደደው። በማግሥቱ ጊደሯ ስታብድ፣ ገበሬው አንድ ውሻ ነክሷት እንደነበር ትዝ አለው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቶሎ ከተከተቡለት ሰው አይገድልም። አንዴ ምልክቱ ከታየ ግን መመለሻ የለውም። ይህንን አበጀ ከማንም በላይ ያውቃል። ጤና ጣቢያው ክትባቱ አልቆበታል፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ዝግ ነው። ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «ወገኖቼ፣ የሰው ክትባት በቅርብ የት ይገኛል? ለእኔና አብሮኝ ለነበረ ሰው ነው።»

አድሚኑ አጠፋው። «ይህ ግሩፕ ለእንስሳት ሕክምና ብቻ ነው። ከርዕስ የወጣ ጥያቄ አይፈቀድም።» ዕለቱ በዓል ነበር፤ ከላይም ከታችም በአበባ ያጌጠ «እንኳን አደረሳችሁ» ይጎርፋል። አበባው ከርዕስ አልወጣም።

አበጀም ሕግ አክባሪ ነውና በደንቡ መሠረት ጠየቀ፦

«እንስሳው፦ በቅሎ። ጾታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ ጎልማሳ። ባለቤት፦ ሚስትና ልጆች። ታሪክ፦ ያበደች ጊደር ምራቅ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄ፦ ምን ይደረግ?»

መልሱ ተንጋጋ። «ለብቻው እሰረው።» «ክትባት አታባክን፣ ለባለቤቶቹ አስረዳቸውና ይወገድ።» የባለቤቱን መስመር ያነበበ አልነበረም እንዳትሉ፤ አንዱ አንብቦ የሳቅ ምስል ልኳል።

አበጀ መለሰ፦ «አመሰግናለሁ። ባለቤቱን አማክሬ እመለሳለሁ።»

እኔ በዚያ ሳምንት ኔትወርክ በሌለበት ገጠር በግ እከትብ ነበር። ለበጎቹ ክትባት አልጠፋም።

ኔትወርክ አግኝቼ ስደውልለት «በቅሎውን አነበብሽው?» ብሎ ሳቀ። መንገዱ እንደተከፈተ ገበሬውን ይዞ ጎንደር መጣ፤ ሁለቱም መርፌውን ጀመሩ። ለገበሬው ደረሰለት፣ ለአበጀ ግን አልደረሰም። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ውሃ መዋጥ ባቃተው አፉ የነገረኝ ስለ ራሱ አልነበረም። «ሰውዬው ምንም ስላላመመው መርፌውን ይተወዋል። እንዳትለቂው» አለኝ።

ዛሬ ግሩፑ በሻማ ምስል ተጥለቅልቋል። አድሚኑ የአበጀን ፎቶ የግሩፑ መለያ አድርጎ «ታላቅ ምሁር አጣን» ብሏል። ስለ ሰው መጻፍ ተፈቅዷል ማለት ነው፤ መሞት ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ያን ጥያቄ ማን ነው ያጠፋው?» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አስወጡኝ።

ስለዚህ እዚህ የራሴ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። በየወረዳው ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ እኛ ሳንነከስ በፊት መከተብ ያለብን ሰዎች ነን። ነገ ቢሮ ስትገቡ ክትባቱንም ጓንቱንም ጠይቁ። ሰው ሆናችሁ ጠይቁ። ግሩፕ ካላችሁም፣ የወንድማችሁን ጥያቄ ከመሰረዛችሁ በፊት አንዴ ደውሉለት።

አበጀ፣ ሰውዬው እንዳልከው ሊጠፋብኝ ነበር። «አሁንማ ደኅና ነኝ፣ ምን ሊያደርግልኝ» እያለ ሲያንገራግር ክንዱን ይዤ መርፌ ክፍል አስገባሁት። ትናንት የመጨረሻውን መርፌ ተወጋ። ዛሬ አስከሬንህን ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ቀስ አድርጎ ያወርድሃል፣ እጁ ጤነኛ ነው።

ደኅና ግባ፣ ወንድሜ።