ለነርሶች ፈተና የተኛሁ ዕለት

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ፣ ለነርስ ተማሪዎች የተግባር ፈተና ታማሚ መስሎ የሚተኛ ሰው ይፈልግ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ የሆነች የቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ይዛኝ ሄደች። እግሬ ላይ በቀለም የውሸት ቁስል ሠሩልኝ። ተማሪ ይገባል፣ ቁስሉን ያጸዳል፣ በፋሻ ይጠቀልላል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። ፈታኙ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል።

ፆም ላይ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች። ባለፈው ፈተና ወድቃ እንደነበር፣ ዛሬ ካላለፈች ዓመቱን እንደምትደግም ተማሪዎቹ በር ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ጓንቷን አጥልቃ ገና ሥራ ስትጀምር ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ላብ አጠመቀኝ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ?"

"አዞረኝ።"

ፋሻውን ትታ ትራሱን ከሥሬ አወጣች፣ እግሬን ከፍ አደረገች፣ የእጄን ትርታ ያዘች። "የእውነት አሟቸዋል" አለችው ፈታኙን።

እሱ ፈገግ አለ። "ትወናውን ችለውበታል። ሥራሽን ቀጥዪ።"

አልቀጠለችም። ደወሉ ተደወለ። "አላለፍሽም" አላት።

እሷ ስትወጣ እንደምንም ተነሥቼ ተቀመጥኩ። "ወላሂ የእውነት ነው ያመመኝ! የልጅቷን ሰዓት መልስላት!"

"እማማ፣ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው። ለእሷ ብጨምር ሌሎቹን መበደል አይሆንም?"

ዕድሜዬን ሙሉ በውሃ ወረፋና በቀበሌ ደጅ "እኩል ይሁን!" እያልኩ የተጣላሁ ሴት ነኝ። የገዛ ቃሌን አመጣብኝ። የሆነ ቦታ እንደተሳሳተ ሆዴ ያውቃል፤ አፌ ግን ሊያወጣው አልቻለም።

ቀጥሎ የገባው ወጣት ፋሻውን አሳምሮ ጠቀለለው። አንዴም ቀና ብሎ ፊቴን አላየም። "በጣም ጥሩ" ተባለ።

ስወጣ ልጅቷ ግቢው በር ላይ ቆማለች።

"አቤት እንበል፤ እኔ እመሰክራለሁ" አልኳት።

"ይተዉት እማማ። እርስዎን ማን ይሰማል?" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለከርሞ ፋሻውን ብቻ ነው የማየው። ፊት የሚባል ነገር አላይም።"

እንደዚያ አትበይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ለከርሞም የሚፈትናት ያው ሰውዬ ነው። እንድታልፍ ደግሞ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የመጣው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።