የረጋው ማር

አባቴ ማር ነጋዴ ነበር። ሱቃችን መርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነበረች። ማሩ ከጎጃም በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል። አባቴ ራሱ ሄዶ ይቀበልና ከተሸካሚው ኋላ ኋላ እየተከተለ፣ "ቀስ በል እንጂ! ድንጋይ መሰለህ የተሸከምከው?" እያለ እስከ ሱቃችን ድረስ ሲጨቀጭቀው ይመጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ስለቀረ ከሱ ጋር ሱቅ መዋል ጀምሬ ነበር። ቤተሰቡ ምላሰኛ ይለኛል፤ ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ነፃ ገበያ ተብሎ ንግዱ ተለቀቀ፤ ውሸቱም አብሮ ተለቀቀ። ትናንት ጨርቅ ሲሸጥ የነበረው ሁሉ ዛሬ ማር ነጋዴ ሆኖ ብቅ ይላል። አንዱ እዚያው ከፊት ለፊታችን ተተከለ። ስኳር በሎሚ ያፈላል፣ ለስሙ ትንሽ ማር ጠብ ያደርግበታል፣ ለሽታው ሰም ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። ደግሞ ሲያምር! እውነቴን ነው፣ ከኛ ማር ይልቅ ማር የሚመስለው የሱ ነበር።

ገዢ ምን ያድርግ? አንዳንዱ የክብሪት እንጨት ነክሮ ይጭራል፤ የኛም ይለኮሳል፣ የዚያኛውም ይለኮሳል። ሌላው ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ያያል፤ ከዚያም የሚገኝ ነገር የለም። ድሮ የአባቴ ደንበኞች ይህን ሁሉ አያውቁትም ነበር። "ጋሼ፣ እንዴት ነው የዘንድሮው?" ይላሉ፤ እሱ "ደህና ነው" ካለ ይገዛሉ፣ "ይቆይ፣ የሚቀጥለው ይሻላል" ካለ ይመለሳሉ። አሁን ግን ሁሉም ነጋዴ "ደህና ነው" ይላል። ገዢውም ልታለል እችላለሁ ብሎ ከወዲሁ ዋጋ ይሰብራል፤ የሚሰጠው ዋጋ ስኳር ለሚያፈላው ጥሩ ትርፍ ነው፣ ለኛ ግን የመጓጓዣውን እንኳ አይመልስም። በማን ይፈረዳል?

ትልቁ ጣጣ ግን ብርዱ ነበር። አባቴ የሚያስመጣው ማር ኑግ ሲያብብ የሚቆረጥ ነው፤ የኑግ ማር ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንደ ቅቤ ጠጥሮ ቁጭ ይላል፤ በጣትህ ስታሸው ፍሬ ፍሬ ይልብሃል። ነጭ ማር ሲረጋ ማንም ምንም አይልም። እንደኛው ያለ ቢጫ ማር ሲረጋ ግን የከተማችን ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ "ስኳር ገብቶበታል።" ስኳሩ የገባበት የፊት ለፊቱ ማር ደግሞ እስከ ፋሲካ ቢቀመጥ አይረጋም። እስቲ ፍረዱኝ! የኛው ንጹሕ ስኳር ተባለ፣ ስኳሩ ንጹሕ ተባለ።

"አባዬ፣ ለምን ጠዋት ጠዋት እሳት ላይ ጣድ አናደርገውም?" አልኩት አንድ ቀን። "ቀልጦ ይዋል፤ ያምራል፣ ይሸጣል።"

"ሽታው ይሄዳል።"

"ማን ያሸተዋል? ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው።"

"እኔ አሸተዋለሁ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። እልኸኛ ነበር አባቴ። አንድ ነገር ካለ አለ ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብራቸው አብነት ሰፈር የሚኖሩትን እትዬን ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የበዓል ማራቸውን ከሱ ነው የሚወስዱት። የሌሎቹ ደንበኞች ነገር ሲያናድደው እንኳ፣ "እትዬ እስካሉ ድረስ ይሄን ሱቅ አልዘጋውም" ይል ነበር፤ ይቀልዳል ብዬ እስቅበታለሁ። ያን ዓመት ጥር ላይ ልጃቸውን ሊድሩ ስለነበር ለጠጁ የሚሆነውን ማር ኅዳር ላይ መጥተው ወሰዱ። አባቴ ከመጣለት ሁሉ ጥሩውን መርጦ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ለብቻው አስቀምጦላቸው ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ የወሰዱትን ማር ከነጀሪካኑ አሸክመው ተመልሰው መጡ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም፤ ምነው በተሳደቡ! ጀሪካኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፣ ክዳኑን ከፈቱና አባቴን ቀና ብለው አዩት።

"ጋሼ፣ እርስዎም?"

"ማርያምን፣ እትዬ፣ ብርዱ ነው። የኑግ ማር እንዲህ ይረጋል።"

"የፊት ለፊትዎም ሰውዬ ማርያምን ነው የሚለው።"

"እሺ፣ ጠጁን ይጣሉትና ይዩት።"

"የልጄን ሰርግ መሞከሪያ ላድርገው?"

እኔ "እትዬ፣ ይስሙኝማ" ብዬ ልገባ ስል አባቴ "ዝም በይ አንቺ!" አለኝ። እንደዚያ ጮሆብኝ አያውቅም። ከዚያ ገንዘባቸውን ሊመልስላቸው መሳቢያውን ሳበ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብስበው፣ "የገንዘቡስ ግድ የለም፤ እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው" አሉና ማሩን ጥለውለት ሄዱ።

በእሳቸው መፍረድ አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። የሚያዩት የረጋ ማር ነው፣ የሚሰሙት ሁሉም የሚምለውን መሐላ ነው። አባቴ የሚያውቀውን ከሆዱ አውጥቶ በምን ያሳያቸው? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለሌላ ገዢ "ደህና ነው" ሲል አልሰማሁትም። ዋጋውን ብቻ ይናገርና ዝም ይላል። ዝም ካለ ማር ነጋዴ ደግሞ ማን ይገዛል?

ክረምት ሳይገባ ማሩን ተወ። ለጎጃሙ ሰውዬ ከእንግዲህ እንዳይልክ ነገረውና በዚያችው ሱቅ የፕላስቲክ እቃ መሸጥ ጀመረ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ክዳን ያለው ባለ እጀታ እቃ። ንግዱ ጥሩ ሄደ፣ ኑሯችንም ተሻሻለ። አባቴ ግን እጁን ማሽተት አልተወም፤ ድሮ ማር ሲቀዳ እንደሚያደርገው ሳያስበው ወደ አፍንጫው ይወስደዋል፣ ከዚያ ትዝ ሲለው ያወርደዋል። አሁን እሱ የለም። እሱን ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ ያቺ እጁ ናት፤ አንጀቴን ትበላዋለች።

አባቴ በሕይወት ሳለ፣ ማሩን ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ እትዬ አንድ ጊዜ ተመልሰው መጥተው ነበር። ቅያሜው በርዶላቸው ይሁን ዕድሜው አለሳልሷቸው እንጃ፣ ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ስለ ልጃቸው፣ ስለ ልጅ ልጃቸው ተጠያየቁ።

"የማር እቃ ፈልጌ ነው ጋሼ" አሉ። "ደህና ደንበኛ አገኘሁ። እዚሁ ከፊት ለፊትዎ ያለው ነው። ማሩ አንድም ቀን ረግቶብኝ አያውቅም፤ ኩልል ብሎ ነው የሚወርደው።"

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ገላመጠኝ። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን እቃ አወረደና አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሰጣቸው።

"ክዳኑን ከፍተው ዘግተው ይዩት፣ እትዬ" አላቸው። "ይሄን እንኳ አይተው ይግዙ።"

ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ገልብጠው ታቹን አዩት።

"የእርስዎ እቃ ደግሞ ምን እንከን ይወጣለታል!" አሉና ከፍለው፣ መርቀውን፣ ባዶውን እቃ ይዘው ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ተሻገሩ።