ክዳኑ የወረደ ጎተራ

የባቡሩ ፉጨት ለአቃቂ ሰው ሰዓት በነበረበት ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ከጣቢያው የትኬት መስኮት ጀርባ ገብረጻድቅ የሚባል ሰው ይቀመጥ ነበር። ሥራውን አያጓድልም፣ ተሳፋሪ አያመናጭቅም፤ ያለበት አመል አንድ ብቻ ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ ግሪካዊ መካኒክ የገዛትን ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና እሁድ እሁድ ወንዙን ተሻግሮ በየገበሬው ጓሮ ይዞራል። ያረጀ የከብት በረት፣ የዘመመ የጭድ ዳስ፣ ጎተራ ፎቶ ያነሳል። ሰው ግን አያነሳም። የሥራ ጓደኞቹ፣ "ሰው ጠፍቶ ነው በረት የምታነሳው?" ሲሉት፣ "በረት ዓይኑን አይጨፍንብኝም" ይላቸዋል።

እውነቱን ለመናገር ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ሰው በእጁ የለሰነውን ጭቃ ዝናብ አጥቦት፣ ፀሐይ ሰንጥቆት ሲያይ ደስ ይለዋል። ይኸው ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የኦቦ ፈየራን ግቢ ነበር። ኦቦ ፈየራ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። እርጎ ሳያጠጡት አይሸኙትም፣ በረታቸውንም ደጋግሞ አንስቷል። ጎተራው ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

"በረቱን የፈለግኸውን ያህል አንሳ። ጎተራ የቤት ገመና ነው፤ ለሰው ዓይን አይሰጥም።"

"እሺ ኦቦ ፈየራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለና ካሜራውን ዘጋ። ከልቡ ግን አልወጣለትም። ሆዱ ሰፋ ብሎ ወደ ግራ ጋደል ያለው ያ ጎተራ ትኬት ሲቆርጥም ይታየው ጀመር። በመጨረሻ ምን አደረገ? ሠራው። ከወንዙ ጭቃ፣ ከኦቦ ፈየራ ከራሳቸው ከብቶች እበት፣ ከጤፍ ጭድ አንድ ክንድ የማይሞላ ጎተራ በምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ከሐዲዱ ሥር የለቀማቸውን ጠጠሮች መሠረት አደረጋቸው፣ በክብሪት እንጨት ዙሪያውን አጠረለት። ወር ሙሉ ፈጀበት።

"እኛ ጭናችን ላይ እንብላ" አለች ሚስቱ የሺሐረግ። "ጎተራው ጠረጴዛ ላይ ይደላደል። የሚያስፈልገው ካለም ንገረኝ፣ ላቅርብለት።"

አንድ እሁድ ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ፣ በእጅ መስታወት ብርሃን እየመለሰ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ እንዳይታይ ተንበርክኮ ፎቶውን አነሳው። የሣር ክዳኑ ጥላ እየጣለ ቢያስቸግረው አወረደውና ከግድግዳው ሥር አስደገፈው። አማረ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አያና ፊልሙን አጥቦ፣ ፎቶውን አሳድጎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ገብረጻድቅ ሲያየው አስወርደው ማለት ነበረበት። ደስ አለውና ተወው። ጥፋት ከተባለ የሱ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ገበያ አለፈ። በሦስተኛው ኦቦ ፈየራ ትኬት መስኮቱ ላይ መጥተው ያለ ሰላምታ ቆሙ።

"ያን ቀን እምቢ ስልህ ሰምተኸኛል አይደል?"

"ሰምቻለሁ። ምነው?"

"ታዲያ እኔ ሳልኖር ገብተህ ጎተራዬን አነሳኸው? ያውም ክዳኑን አውርደህ? ክዳኑ የወረደ ጎተራ ባዶ ጎተራ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ አለ?"

ገብረጻድቅ አያውቅም ነበር። የማያውቀው ነገር ደግሞ በዚህ አላበቃም። የኦቦ ፈየራ ልጅ ደበላ የዱከሙን የኦቦ ዱጉማን ልጅ ሊያጭ ቀን ተቆርጦ ነበር። ኦቦ ዱጉማ ለገበያ መጥተው በፎቶ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሰው ወደ ግራ መጋደሉን አይቶ፣ "የፈየራ ጎተራ ይኸውላችሁ፣ ባዶውን ቀርቷል" እያለ ሲሳሳቅ ደረሱ። ማግስቱን "ለጊዜው ትንሽ እንቆይ" የሚል መልእክት ላኩ። ትንሽ እንቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሴት ልጅ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ገብረጻድቅ መስኮቱን ዘግቶ ኦቦ ፈየራን ቤቱ ወሰዳቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዩት፣ ዞሩት፣ በጣታቸው ነኩት። አልሳቁም።

"እኔስ አየሁ" አሉ። "ለዱጉማ ማን ያሳይልኛል?"

እሁድ ዕለት ሁለቱ በባቡር ወደ ዱከም ሄዱ። ገብረጻድቅ ጎተራውን በሳሙና ካርቶን አድርጎ ጭኑ ላይ አቀፈው። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ነፍሱ ትወጣለች። ይህ ጭቃ ከተሰበረ የደበላም ጋብቻ፣ የራሱም ወዳጅነት አብሮ መሰበሩ ነው። ኦቦ ፈየራ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ኦቦ ዱጉማ በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ገብረጻድቅ ፎቶውንና ጎተራውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ "ያዩት ይህንን ነው፤ የኦቦ ፈየራ አይደለም፣ እኔ የሠራሁት ነው" አላቸው።

"ፎቶው ላይ ያለው ትልቅ ነው። ይሄንን ትናንት ሠርተኸው ቢሆንስ?"

ኦቦ ዱጉማ ፎቶውን አርቀው ይዘው መረመሩት።

"እዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው? እንዲህ ክብ ክብ እየሠራ የሚሰነጠቅ ጭቃ አላየሁም።"

ገብረጻድቅ ጎንበስ ብሎ አየ። የልስን ምልክት እየመሰለው አንድም ቀን ልብ አላለውም። ኦቦ ዱጉማ ቀኝ እጁን ያዙት፣ አውራ ጣቱን ገልብጠው አዩ፣ ከዚያ ትንሹ ጎተራ ላይ ያንኑ ቦታ ፈልገው ጣቱን አስቀመጡበት። ልክክ አለ።

"ፎቶው ላይ የሰው ጣት አሻራ የግድግዳ ስንጥቅ ካከለ፣ ጎተራው ትንሽ ነው" አሉ። ከዚያም፣ "ክዳኑን ለምን አወረድከው?"

"ለፎቶው እንዲያምር ብዬ።"

"ባዶ ጎተራ አማረህ?"

በቁጣ አልነበረም የጠየቁት። ለዚህ ነው የባሰ የከበደው። ገብረጻድቅ አፈረ። ያን ሁሉ ዓመት የስንቱን ጎተራ ቅርጽ ሲያደንቅ፣ ውስጡ ምን አለ፣ እስከ ክረምት ያደርሳችኋል ወይ ብሎ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

"አላወቅሁም ኦቦ ዱጉማ" አለ። "ማወቅ ነበረብኝ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ኦቦ ዱጉማ ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ ልጃቸው ዳሲቱ፣ ያቺው ለደበላ የታሰበችው፣ በሰፌድ ጤፍ ይዛ ወጣች። ስለ ማን ጉዳይ እንደመጡ አውቃለችና ቀና አላለችም። ኦቦ ዱጉማ አንድ እፍኝ ዘግነው በትንሹ ጎተራ አፍ ጨመሩት፣ እስኪሞላም ደገሙት። ክዳኑን በሁለት ጣታቸው አንስተው ከላዩ አስቀመጡ።

"አሁን ፎቶ አንሳው" አሉ። "መስኮቱ ላይ ይሄኛው ይሰቀል። ቀኑም በቆረጥነው ቀን ነው።"

ሲመለሱ ካርቶኑ ከብዶ ነበር። ገብረጻድቅ እስከ አቃቂ ድረስ እጁን ከክዳኑ ላይ አላነሳም። ኦቦ ፈየራ ጣቢያው ላይ ሊለያዩ ሲሉ ዞር አሉና፣

"እሁድ ካሜራህን ይዘህ ና" አሉት። "ጎተራውን ታነሳዋለህ። መጀመሪያ ግን ገብተህ ውስጡን ታየዋለህ።"