ባንጉሱ በስንት ወር ይወጣል

ማም ሊዮኒሳ አባይጋርን የወደደ ሰው አላውቅም። ስማቸውን ለማጥፋት አይደለም ይህን የምለው፤ ቢሰሙኝም የሚቀየሙ አይመስለኝም። ከማኒላ ርቃ ባለችው አውራጃችን፣ ካፒዝ ውስጥ ባለው ኮሌጃችን ሃያ አንድ ዓመት አካውንቲንግ ሲያስተምሩ፣ በልደታቸው ቀን አንድ ተማሪ አንድ ሳህን ፓንሲት፣ ያን የልደት ፓስታ፣ ይዞላቸው መጥቶ አያውቅም። ለእኛ ለሌሎቹ መምህራን በየዓመቱ ይመጣልናል። እሳቸው ጥግ ባለው ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው፣ እኛ ስንበላ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ያርማሉ።

የፈተና ወረቀት ሲመልሱ ስም የሚጠሩት ከዝቅተኛው ነጥብ ጀምረው ነው። ስሙ ቀድሞ የተጠራ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወደፊት ሲሄድ፣ «ፈጠን በል እንጂ፣ መንገዱን እንደሆነ ለምደኸዋል» ይሉታል። በ1995 እኔም ያንን መንገድ ሄጄበታለሁ። ክሪሳንቶም ሄዶበታል። ክሪሳንቶ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የእኔም የማም ሊዮኒሳም አለቃ ሆነ። እሳቸው ግን ኃላፊ ከሆነም በኋላ «አንተ ክሪሳንቶ» ማለታቸውን አልተዉም። በሰው ፊት እንዲህ ሲጠሩት ጆሮው ሲቀላ አየው ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ ማጣሪያ አለብን። ያለፈ ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ይገባል፣ ያላለፈ ወደ ማርኬቲንግ ይላካል። ኮሌጁ የሚመዘነው ለመንግሥት የሙያ ፈተና ካስቀመጣቸው ልጆች ስንት በመቶው አለፉ በሚለው ስለሆነ፣ ደካማ የመሰለ ልጅ እዚያ ሳይደርስ ይነቀላል። የአላፊዎቹ ስም በትልቅ ሸራ ታትሞ በሩ ላይ ይሰቀላል። የተነቀሉት ስም የትም አይጻፍም። ነቃዩዋ ደግሞ ሁልጊዜ ማም ሊዮኒሳ ነበሩ። አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ስትረግማቸው ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጠገቧ አለፉ።

በ2014 አዲስ መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ ነጥብ መስጠት ብቻ አይበቃም፣ ተማሪው ከትምህርቱ ምን ይዞ እንደወጣ ተለክቶ ይቅረብ ተባለ። ስምንት ውጤቶች ተዘረዘሩ። አምስተኛው «የደንበኛን ሁኔታ አንብቦ የራሱን አስተያየት በጽሑፍ መስጠት ይችላል» ይል ነበር። ክሪሳንቶ ይህን አምስተኛውን ከማጣሪያው ጋር አንድ አደረገው። አርባ አንድ ልጆች አንድ ጉዳይ ተሰጥቷቸው ይጽፋሉ፣ ሁለት መምህራን በሰንጠረዥ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ቁጥሩ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ሰኞ የሚመጡት የእውቅና ገምጋሚዎች ያዩታል። አንባቢዎቹ እኔና ጆቪት ነበርን። ጆቪት ማስተማር ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔ የፈረምኩበት ላይ ይፈርማል።

ጉዳዩ የዓሣ ኩሬ ነበር። ማም ሊዮኒሳ ከማኒላ እንደመጡ የጻፉት፣ እኛም የተፈተንበት፣ ከእኛ በኋላ የመጣ ሁሉ የተፈተነበት ጉዳይ ነው። አንድ ባለኩሬ በጁን ወር ባንጉስ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ኩሬው ውስጥ ይለቃል። ባንጉሱ አድጎ በመረብ ለመውጣት ዐሥር ወር ይፈጅበታል። ዓመቱ በዲሴምበር ሲዘጋ ግማሽ ያደገው ዓሣ ኩሬው ውስጥ አለና በምን ዋጋ ይመዘገብ? መልሱ ሃንድአውት ሆኖ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል። ልጅ ከታላቁ ይወርሰዋል፣ ታናሹም ከእሱ።

እኔና ጆቪት አርባ አንዱን ወረቀት በአንድ ከሰዓት ጨረስነው። ሠላሳ ስምንቱ አሟልተዋል አልን፤ ዘጠና ሦስት በመቶ። ሦስቱ አላሟሉም። ሁለቱ ባዶ ወረቀት ነው የመለሱት፤ ሦስተኛዋ ክሬሳ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሦስቱ ወደ ማርኬቲንግ መላካቸው ዓርብ ሊነገራቸው ተወሰነ።

ማክሰኞ ማም ሊዮኒሳ ወረቀቶቹን አቅፈው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሏቸው።

«ዘጠና ሦስት? በእኔ ጥያቄ?»

«ጎበዞች ናቸው ማም።»

«ጎበዞች። ኢንዳይ፣ ባንጉሱ በስንት ወር ይወጣል?» ኢንዳይ የምንለው «አንቺ ልጅ» ለማለት ነው።

«በዐሥር።»

«ጥያቄው ላይ ነው የምልሽ።»

የጥያቄውን ወረቀት ፊቴ አደረጉት። አነበብኩት። አራት ይላል። አራት ወር። እንደገና አነበብኩት። በጁን የተለቀቀ ባንጉስ በአራት ወር ከወጣ፣ ኦክቶበር ላይ ኩሬው ባዶ ነው። ባለቤቱ በዲሴምበር «አለኝ» የሚለው ዓሣ የለም። ሠላሳ ስምንት ልጆች የሌለ ዓሣ ዋጋ ተምነው ጽፈዋል። እኔ ደግሞ አጠገቡ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ፈርሜያለሁ።

«የመልስ ቁልፉ ዐሥር ነው የሚለው» አለ ጆቪት ከወዲያ።

«ቁልፉን ከየት አመጣኸው?»

«ከቦክስ ፋይሉ ማም፣ የአምናው ነው።»

«ዓይን ከየትኛው ቦክስ ፋይል ነው የሚወጣው?»

ጆቪት ስልኩን አነሳ፣ የደወለለት ሰው ግን አልነበረም።

ቁጥሩን በዚያ ዓመት የቀየሩት ራሳቸው ነበሩ። ምክንያቱን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ገበያ ዓሣ ሲገዙ ሻጯን ይህ ዐሥር ወር የቆየ ነው ወይ ብለው ይጠይቋታል፤ ሴትዮዋ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ዐሥር ወርማ የሰው ልጅም አይፈጅም እያለች ትስቃለች። ማም ሊዮኒሳ ቤታቸው ገብተው ዐሥሩን አራት አደረጉት። ለማንም አልተናገሩም። ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

የክሬሳን ወረቀት አውጥተው ለብቻው አስቀመጡት። እኔ ከአራት አንድ ነበር የሰጠኋት። የጻፈችው ስድስት መስመር ነው፤ የመጀመሪያው «ዓሣው የት ነው?» ይላል። ባንጉሱ በኦክቶበር መውጣት ነበረበት፣ ስለዚህ ሳልመዘግብ በፊት ኩሬው ድረስ ሄጄ አያለሁ ብላ ጽፋለች። ለኦዲተር ከዚህ የተሻለ አስተያየት የለም።

ልጅቷን አስጠሯት። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ መጥታ ቆመች።

«ሃንድአውቱ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ ማም።»

«ታዲያ?»

«ጥያቄው አራት ስለሚል ነው ማም።»

«ዐሥር ቢልስ ኖሮ?»

ልጅቷ ወለሉን አየች። «ዐሥር ቢልም አራት ነው ማም። አባቴ ኩሬ ይጠብቃል።»

«የእጅ ጽሑፍሽ አስቀያሚ ነው» አሏት። «ሂጂ።»

ልጅቷ ተነቀልኩ ብላ ይመስለኛል፣ እንባዋ ቀድሟት ወጣች። ማም ሊዮኒሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«የዚህ አገር ልጆች ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው?»

ያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ነገር ይዤ ነበር። «እኛም ሁለት ኩሬ ነበረን» አልኳቸው። «ጫጩቱን የምለቀው እኔ ነበርኩ። አራት ወር እንደሆነ በዐሥር ዓመቴ አውቃለሁ።»

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ዐሥር።»

«ለምን?»

«እርስዎ ስላሉ።»

የአንድ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ ከፊታቸው የቆሙ ያህል አዩኝ። አላዘኑም፤ ተናደው ነበር። «ፈሪ» አሉኝ። «እኔን ነው እንዴ የፈራሽው? ዓሣውን አታምኚም፣ ዓይንሽን አታምኚም፣ ከማኒላ የመጣች ሴትዮ ታምኛለሽ።»

«ዐሥር ያላለ ሰው መንገዱን ለምደኸዋል ይባል ነበር» አልኳቸው። እኔም ተናድጄ ነበር።

ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ገጽ ጽፈው መጡ። «ስህተቱ የእኔ ነው» ይላል። «ቁጥሩን ያለ ማጣራት ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ስቀይረውም ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ፈተናው ምንም አልለካም፣ አርባው ልጆች በአዲስ ጉዳይ እንደገና ይፈተኑ፣ ክሬሳ ግን አልፋለች።» ውጤት እንዲሰረዝ ደግሞ የመጀመሪያው አንባቢ ፊርማ ያስፈልጋል። እኔ ማለት ነው። አብረን ክሪሳንቶ ቢሮ ገባን።

ክሪሳንቶ ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«ማም፣ ሰኞ ገምጋሚዎቹ ይገባሉ። የሚጠበሰው አሳማ እንኳ ታዟል።»

«አሳማውን ይብሉ። ይህንንም ያንብቡ።»

«አምስተኛው ውጤት አልተለካም ብዬ ላቅርብ? ለመቶ ገጽ ሪፖርት?»

«አንተ ክሪሳንቶ፣ አንተም ዐሥር ብለህ ነው የጻፍከው?»

ጆሮው ቀላ። «ማም፣ እኔ የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «የተበደለች እሷ ናት፣ አይደል? እናስተካክልላት። እሷን ካሟሉት ጋር እንጨምራታለን። ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናሉ። ከዘጠና ሦስት ወደ ዘጠና አምስት ከፍ ይላል። ማንም አይጎዳም።»

ዘጠና አምስት። ትክክል የጻፈችው ልጅ ከተሳሳቱት ጋር ተደምራ ቁጥሩን ከፍ ልታደርግ ነው። ማም ሊዮኒሳ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እና እሷም ዐሥር ብላለች ልትል ነው?»

«ማን ወረቀቱን ያያል ማም? ሰንጠረዡን ነው የሚያዩት።» ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር ጨመረ፤ «የእርስዎም የሥራ ማራዘሚያ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ስልሳ አንድ ዓመትዎ ነው፣ የጡረታ ዕድሜ አልፏል። በየሴሚስተሩ እኔ ነኝ የምፈርመው።»

«አውቃለሁ። ስትጽፍ መስመር ትስታለህ፣ ስትፈርም ግን ጎበዝ ነህ።»

ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ገጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አረንጓዴው እስክሪብቶም ከላዩ። ክሪሳንቶ እኔን ማስፈራራት አያስፈልገውም ነበር። የእኔም ቅጥር በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ልጅቷ በየትኛውም መንገድ ታልፋለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነትም ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁና ሳልፈርም ለማም ሊዮኒሳ መለስኩላቸው።

«ኢንዳይ» አሉኝ፣ እንደ ስድብ።

ሰኞ ገምጋሚዎቹ መጡ። አሳማው ቆዳው ጥርት ብሎ ተጠብሶ ነበር። ቦክስ ፋይሉን ገልጠው ዘጠና አምስትን አዩ፤ አንደኛዋ ሴት አምስተኛው ውጤት የክፍሉ ጥንካሬ መሆኑን በማስታወሻዋ ጻፈች። ማም ሊዮኒሳ ገጻቸውን በእጃቸው ሊሰጧት ወደ አዳራሹ መጥተው ነበር። ክሪሳንቶ በሩ ላይ ቆሞ በትህትና ሁለተኛ ፊርማ የሌለው ሰነድ ተቀባይነት እንደሌለው ነገራቸው። ደንቡ እንደዚያ ነው። እኔ ከውስጥ ሳህን ይዤ አየሁ። ማራዘሚያቸው አልተፈረመም። በማርች ጠረጴዛቸውን ለቀቁ፤ ጓዛቸው አንዲት ካርቶን አልሞላችም። ኬክ የገዛ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልገዛሁም።

ክሬሳ ሦስተኛ ዓመት ገባች፤ ከዓመታት በኋላ ስሟ ሸራው ላይ ወጣ። ገበያ ስታገኘኝ «ደህና ነዎት ማም» ትለኛለች፣ ሳትቆም። ለምን ከአራት አንድ እንደሰጠኋት አልጠየቀችኝም። ለምን እንደተስተካከለላትም።

የሚቀጥለውን ዓመት ጉዳይ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ከሃንድአውቱ ጋር እንዳይጋጭ አደራ አለኝ ክሪሳንቶ። የጻፍኩት በማም ሊዮኒሳ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወደ ጥጉ ተዛውሬ ነበር። ያን ቀን የአባቴ ኩሬ ትዝ አለኝ፤ የጧቱ ጭቃ ሽታ፣ በአራተኛው ወር መረቡ ሲሳብ ውሃው ላይ የሚዘለው ብር የመሰለ ዓሣ። ከዚያ በገዛ እጄ ዐሥር ብዬ ጻፍኩ። አምስተኛው ውጤት ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት በልደታቸው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ባንጉስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤላቸው ነበር። በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ቁሚም ተቀመጪም አላሉኝም።

«ዘንድሮ ምን ጥያቄ አወጣችሁ?» አሉኝ።

«ያው ኩሬውን ነው ማም።»

«በስንት ወር?»

መዋሸት እችል ነበር። ለእሳቸው ግን ዋሽቼ አላውቅም፤ ለወረቀቱ ነው የዋሸሁት።

«በዐሥር።»

ዓሣውን ተቀበሉኝ። ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው ጉንጩን በጣታቸው ጫን አሉት፣ ትኩስ መሆኑን ሊያዩ። ከዚያ ይዘው ገቡ። በሩን አልዘጉትም፤ ግቢም አላሉኝም።