አንድ ሰው የጎደለበት ብልቃጥ

የኮሮና ክትባት ቡሬ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ሲመጣ “መጀመሪያ ለጤና ባለሙያ” ተባለ። ባለሙያው ሁሉ ተሰወረ። ሃያ ዓመት የጎጃምን ሕፃን ሁሉ በመርፌ ሳስለቅስ የኖርኩት ነርስ፣ ነገሩ የራሴ ክንድ ላይ ሲደርስ የልቤ ምት ፍኖተ ሰላም ድረስ የተሰማ መሰለኝ።

አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት፣ እንደ መናኸሪያ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። ተራው ለአረጋውያንና ለሕሙማን ከደረሰ በኋላ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰው ተገኘ። ከዘጠኙ አንዱ አስም ያለባቸው ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ሰው ሳይሞላ ቀርቶ ተመልሰዋል።

“አባ፣ ዛሬም አንድ ሰው ጎደለ። ሰኞ ይምጡ” አልኳቸው።

“አንተስ ልጄ፣ ተከተብህ?”

“እኔማ ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል” ብዬ ትንሽ ሳል ጨመርኩበት። እሳቸው እውነተኛውን ሳል ሳሉ።

አብራኝ የምትሠራው ከታቢ ልጅ ሳቀች። “ጋሼ፣ ክትባቱ ከመጣ ጀምሮ እኮ ይህ ጉንፋን አልለቀቀዎትም!”

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሲታገሉ አየሁ። ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው።

“ክፈቺው” አልኳት እጅጌዬን እየሰበሰብኩ።

አባን አስቀደምናቸው። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አይዞህ ልጄ፣ እኔም አልሞትኩ” ብለው እጄን ያዙኝ። መርፌው ከወጣ በኋላም አልለቀቅኋቸውም።