የንጋቷ ደስታ ከአስር ስንት ነው?

ንጋቷ በሚዛን ከተማ ዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ አማን በሚወስደው በኩል፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። መርፌዋ አይስትም፤ አፏም እንደዚያው ነው። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ልብሱ እንደሚያምርለት ያውቃል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ጭቃው፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ዘንድሮ ጨርቅ መሳሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ጎረቤቷ ስለ አሕመዲን የምታሰማውን ክስ ቆሞ መስማት እንዳለበትም ያውቃል።

አሕመዲን ከጎኗ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። በጉርምስናው ከስልጤ አገር መጥቶ ሚዛን ላይ ሽበት ያበቀለ፣ ከንጋቷ በቀር ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ረጋ ያለ ሰው ነው። የጠባቸው መነሻ አሸንዳው ነበር። ጫፉ ስለተጣመመ የእሱን ጣሪያ ውሃ በሙሉ ሰብስቦ የሚደፋው ንጋቷ ደጃፍ ላይ ነው። ሚዛን ደግሞ ዝናብ ተለምኖ የሚመጣበት አገር አይደለም።

ንጋቷ ክሷን በአማርኛ ትጀምራለች፤ ሲብስባት ወደ ቤንችኛ ትሻገራለች። አሕመዲን ቤንችኛን ከማንም አልተማረም፣ ከእሷ ቁጣ ነው የለቀመው። ስለዚህ በዚያው ቋንቋ ይመልስላታል። ቃል ሲያጣምም ንጋቷ ጠቡን አቁማ ታርመዋለች፤ እሱም የታረመውን ቃል ይዞ ከጀመረበት ይቀጥላል።

አንድ ቀን ሜሮን የምትባል ወጣት ተመራማሪ ወደ ስፌት ቤቱ ገባች። ከዩኒቨርሲቲ ናት፤ የምታጠናው የሰው ደስታና ሐዘን እንዴት እንደሚለካ ነው። ለጥናቱ ዕጣ ከወጣላቸው የከተማው ሰዎች አንዷ ንጋቷ ነበረች።

“ሰሞኑን ደስታዎ እንዴት ነው፣ እትዬ ንጋቷ?”

“ጌታ ይመስገን።”

“በቁጥር ቢነግሩኝስ? አንድ በጣም የከፋው ነው፣ አስር ደግሞ…”

“ይመስገን አልኩሽ እኮ።”

“ይመስገን ስንት ነው?”

ንጋቷ መቀሷን አስቀመጠች። “ልጄ፣ ይመስገን ቁጥር የለውም። ሰው ሞቶበትም ይመስገን ይላል፣ ሎተሪ ወጥቶለትም ይመስገን ይላል።”

“የኛም ችግር እሱ ነው” አለች ሜሮን እየሳቀች። “ፊት ለፊት ስንጠይቅ ሁሉም ይመስገን ይለናል። ሰንብተን ስንጠይቅ ደግሞ የተሰማውን ረስቶታል። ስለዚህ ስሜቱን ትኩስ እያለ ነው መያዝ የምንፈልገው።”

መያዣው አንዲት ትንሽ ስልክ ነበረች። ቀን ላይ ባልታሰበ ሰዓት ትጠራለች። ሲያነሷት የተቀዳ ድምፅ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አሁን ምን ያህል ደስ ብሎዎታል፣ ምን እየሠሩ ነው፣ ከማን ጋር ነዎት። መልሱ ቁጥር መጫን ብቻ ነው። ንጋቷ እሺ ያለችው ለሳይንሱ ብላ አልነበረም። ስለ አሕመዲን የሚሰማ አዲስ ጆሮ የተገኘ መስሏት ነው።

ስልኳ ግን ጊዜና ቦታ አትመርጥም ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ፓስተሩ “በዝምታ እንጸልይ” ባሉበት ቅጽበት ጮኸች። ሌላ ቀን ንጋቷ የአንዲት ሙሽራ ወገብ እየለካች ሳለ ጠራች። ሁለት እጇ ሜትሩ ላይ ስለነበር፣ “ስድስትን ጫኚልኝ” ብላ ስልኩን ለሙሽራዋ ሰጠቻት። ሙሽራዋ ዘጠኝን ጫነች።

“እሱ ያንቺ ነው፣ የኔ እህት። የኔ ስድስት ነበር” አለች ንጋቷ። የተጫነ ግን ተጭኗል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። የአሕመዲን አሸንዳ እንደ ልማዱ ደጇን ሲያጥለቀልቀው ንጋቷ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ እሱም ወጣ። ክርክሩ ደርቶ ቤንችኛው ላይ ሲደርስ ስልኳ ጠራች። ንጋቷ መዳፏን ዘርግታ አስቆመችው። አሕመዲን የጀመረውን ቃል አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ምን ያህል ደስ ብሎዎታል ሲላት ሳታስብ ዘጠኝን ጫነች። ከማን ጋር ነዎት ሲላት ጎረቤት የሚለውን ጫነች።

“ምን ብለሽ መለስሽ?” አለ አሕመዲን።

“አንተን አይመለከትም።”

“እዚሁ ቆሜ?”

“ይልቅ ቀጥል። የት ነበርን?”

“ስለ አባትሽ ልጀምር ነበር።”

በማግሥቱ አሕመዲን ሜሮንን መንገድ ላይ አስቁሞ እሱም እንዲለካ ጠየቀ። ሜሮን የሚጠየቁት ሰዎች በዕጣ እንደተመረጡ በትሕትና አስረዳችው። “ለኮንዶሚኒየም ዕጣ አልወጣልኝም፤ ለደስታም አልወጣልኝም” ብሎ አኮረፈ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግን በግድግዳው ማዶ “ዛሬ ሰባት ነኝ” እያለ መናገር ጀመረ። ንጋቷም “ማን ጠየቀህ?” ትለዋለች።

ወሩ ሳያልቅ አሕመዲን ወደ ቴፒ ሄደ። ወንድሙ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር እሱን ሊያግዝ ነው፤ ከተመቸው ግን ጠቅልሎ እንደሚገባ ሚስቱ ሱሀይላ ለንጋቷ ነገረቻት። ከመሄዱ በፊት መሰላል ተውሶ አሸንዳውን አቃንቶት ነበር። ለጎረቤት የሚተው ስንብት መሆኑ ነው።

ዝናቡ ዘነበ። ደጃፉ ግን ደረቅ ነው። ንጋቷ በሩ ላይ ቆማ ያንን ደረቅ መሬት አየችው፣ አየችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኳ ስትጠራ አራትን ጫነች። ሌላ ጊዜ ሦስትን። ደንበኞቿ ልብሳቸውን ያለ አንዳች ክስ ተቀብለው ሲሄዱ፣ “ንጋቷን አሟታል እንዴ?” ተባባሉ።

ሜሮን ልታያት መጣች። ለጥናቱ ሰዎች ስለ ውጤታቸው መንገር አትችልም፤ ስለዚህ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ሰሞኑን የተለወጠ ነገር አለ፣ እትዬ?”

“ኧረ ምንም። ውሃው ከመቅረቱ በቀር።”

“የምን ውሃ?”

ንጋቷ ነገረቻት። ስለ አሸንዳው ጀምራ ወደ አሕመዲን ገባች። ሰውዬው እንዴት ነገር እንደማይገባው፣ እንዴት “በረከት” ለማለት የሚሆነውን የቤንችኛ ቃል እስከ ዛሬ አስተካክሎ እንደማይጠራ፣ በተሸነፈ ቁጥር እንዴት አቀርቅሮ ሚስማር እንደሚቆጥር አወራችላት። እያወራች ሳለ ራሷን ስትስቅ ሰማችው።

“አይ” አለች መቀሷን አንሥታ። “እሱማ ሊሆን አይችልም።”

“ምኑ ነው የማይሆነው?”

“ተይኝ እስቲ፣ ልጄ።”

በሳምንቱ መጨረሻ የቴፒን ሚኒባስ ተሳፈረች። የያዘችው ምክንያት አሕመዲን ለማሳጠር ሰጥቷት ሳይወስድ የሄደው ሱሪ ነው። በደኑ መሃል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ፣ ለአንድ ሱሪ ሲባል የዚህን ያህል መንገድ የሄደ ሰው እንደሌለ እያሰበች ጨረሰችው።

ቴፒ ይሞቃል። አሕመዲንን በወንድሙ ሱቅ በር ላይ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን እያራገበ አገኘችው። ሲያያት ብድግ አለ።

“ደህና ነህ?” አለችው።

“አልሐምዱሊላህ።” ካርቶኑን አስቀመጠና፣ “እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋ ነው። የምናገረውን ሁሉ እሺ ይለኛል” አለ፣ ሕመሙን ለሐኪም እንደሚናገር ሰው።

ሱሪውን ወደ ውስጥ ገብቶ ለክቶ ወጣ። ቁርጭምጭሚቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ባልከው ልክ ነው የቆረጥኩት።”

“እኔ በዚህ ልክ ብዬ?”

“እግርህ ረዝሞ ይሆናል። ሙቀት ያስረዝማል።”

ወንድሙ ሊገላግላቸው ከጓዳ ብቅ አለ። የሁለቱን ፊት አይቶ ተመለሰ። ክርክሩ ከሱሪ ወደ አሸንዳ፣ ከአሸንዳ ወደ ድሮ ነገር ሲሻገር ስልኳ ጠራች። ንጋቷ አየቻትና ለአሕመዲን አቀበለችው።

“ያንተ ተራ ነው። ስትፈልገው ነበር አይደል?”

አሕመዲን እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ተቀበላት። ጥያቄውን በጥሞና ሰማ። ቀለም እንደሚመርጥ ሰው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ስምንት ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ አነሳ። ዘጠኝ ላይ ሄደ፤ “ዘጠኝ ለሙቀቱ ይበዛል” ብሎ ተመለሰ። እሱ ይህን ሲያመዛዝን ድምፁ አመስግኖ ተዘጋ።

“ዘጋብኝ” አለ።

“እንኳን ዘጋብህ” አለች ንጋቷ። እንዲህ ከሆዷ ከሳቀች ከርማ ነበር።

ንጋቷ ና አላለችውም፤ እሱም እመጣለሁ አላላትም። ነገሩን የቆረጠችው ሱሀይላ ናት። ቴፒን ለሁለት ቀን አይታ፣ “በዚህ ሙቀት እኔ አልኖርም፤ ወንድምህ ጎልማሳ ነው፣ ሱቁን ይችላል” አለች። የቡና ለቀማው ሲያልቅ ባልና ሚስት ዕቃቸውን ይዘው ሚዛን ገቡ።

አሕመዲን ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን ሲያወጣ በሩን አጣው። ከላይ እስከ ታች የንጋቷ የተተኮሱ ቀሚሶች ተሰቅለውበታል።

“ንጋቷ፣ ይሄ በር የማን ነው?”

“ባለቤት ያለው በር እንዲህ ተዘግቶ አይከርምም” አለች ንጋቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ሱሀይላ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ክርክሩ ቶሎ እንደማያልቅ ታውቃለች።