ድኩላ የተኛበት ደንገል

ቡርሀን ኢብራሂም ሴትዮዋን መጀመሪያ ያያት ሐሙስ ጠዋት ነው። ከደንገሉ ኋላ ባለው ሣር ላይ ነጭ አቡጀዲ በእንጨት አስራ ትጎትታለች። ጥቂት ትራመድና ትቆማለች። ጨርቁን ገልብጣ ታያለች። በወረንጦ አንድ ነገር ለቅማ ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ እንደገና ትጎትታለች።

ቡርሀን ታንኳውን ደንገሉ ውስጥ ደብቆ ግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከታት። ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ለሸሪፋ ነገራት።

«በከፈን ጨርቅ ሣር የሚጠርግ ሰው በጎ አይደለም።»

«አቡጀዲ ሁሉ ከፈን ከሆነ የትራሳችን ልብስ ምንድን ነው?» አለች ሸሪፋ።

«ሳቂ አንቺ። ይቺ ሴት የምትለካው ነገር አላት።»

ቡርሀን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተወልዶ እዚያው የደንገል ታንኳ ሲሠራ ነው የኖረው። ሰው የማያምነው ግን ሲፈጠር ጀምሮ አይደለም። ጎረምሳ ሳለ ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ወደ አባቱ ታንኳ ማቆሚያ መጡ። «ዛፍ ልንቆጥር ነው» አሉ። አባቱ ጥላ ሥር አስቀመጡና ቀረሶ ዓሣ ጠብሰው አበሏቸው። በዓመቱ ቦታው ታጠረ። አባቱ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ማለት የጀመሩት አጥሩ ከቆመ በኋላ ነው። ልጃቸው ግን ተረቱን በጊዜ ያዘው።

ስለዚህ ቡርሀን ይደብቃል። ደንገል ከታጨደ በኋላ ታስሮ ታንኳ እስኪሆን ድረስ ለቀናት ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ሌሎቹ ታንኳ ሠሪዎች ሜዳው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ያሰጣሉ። ቡርሀን ከዓመታት በፊት ሁለት ነዶ ጠፋበት። ከዚያ ወዲህ የሚያሰጣው ረግረጉ መሐል ባለች፣ በታንኳ ብቻ በሚደርስባት ደረቅ ጉብታ ላይ ነው። ጉብታዋን ከእሱ በቀር የሚያውቋት ድኩላዎች ናቸው። ረግረጉን ተሻግረው ይመጡና ቀን እዚያ ይተኛሉ። የተሰጣ ደንገል ሲያገኙ ደግሞ ከሣሩ ይልቅ እሱ ይመቻቸዋል። ጠዋት ሲመጣ በነዶዎቹ ላይ የተኙበትን ጎድጓዳ ያያል። ደስ ይለዋል። ድኩላ ያለበት ቦታ ሰው የለበትም ማለት ነው።

ቅዳሜ ሴትዮዋ ራሷ ታንኳ ማቆሚያው ድረስ መጣች።

«ጋሽ ቡርሀን እርስዎ ነዎት? ቃልኪዳን እባላለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ድኩላና ከርከሮ ላይ ያለውን መዥገር እያጠናሁ ነው። ድኩላ የት እንደሚውል እርስዎን የሚያህል የሚያውቅ የለም አሉኝ።»

«ማነው ያለው?»

«ሰው።»

«ስም የለውም ሰውየው?»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«መዥገሩስ ምን ያደርግልሻል? ድኩላው ታሟል?»

«አይታመምም። ነገሩ እሱ ላይ ነው። በሽታውን ደሙ ውስጥ ይዞ እንደ ጤነኛ ይኖራል። መዥገሩ ከእሱ ጠጥቶ ከብት ላይ ሲወጣ ግን ከብቱ ይሞታል።»

ቡርሀን ይህን በልቡ መዘነው። እንዲህ ያለ ሰው ያውቃል፤ ነገር ከቤት ቤት የሚያመላልስ፣ እሱን ግን ምንም የማይነካው።

ሁለት ቀን መራት። የመራት ግን ከብት ረግጦ ምድሩን ባራቆተውና አሸዋ በሆነው ቦታ ሁሉ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሄደ፤ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

«ድኩላ አለ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች።

«ነበረ። ሰው ሲበዛ ሄደ።»

የታንኳ ጓደኛው አብዱልከሪም ከሩቅ ሲያያቸው ቆይቶ ሴትዮዋ ስትሄድ ተጠጋ። «ቡርሄ፣ መዥገር ትለቅማለች ትላለህ። ትዝራው ትልቀመው በምን አወቅህ?»

ቡርሀን ነገሩን ይዞት ቤቱ ገባ።

ቤት ውስጥ ጊደር አለች። የሸሪፋ ናት። ሸሪፋ አራት ዓመት ዓሣ ነግዳ ከመሸንቲ ገበያ ያመጣቻት ሲሆን ስሟን በረካ አለቻት። ከሁለቱም ወገን ከብት ያረባ ዘመድ የላቸውም። ሐይቅ እንጂ በረት አያውቁም። በረካ አሁን የመጀመሪያ ጥጃዋን አርግዛለች። ሸሪፋ ገና ያልተወለደውን ጥጃ ወተት ለማን እንደምትሸጥ ወስና ጨርሳለች። ቡርሀንም የድርሻውን አደረገ፦ ደንገሉ ደርቆ ሲመጣ ቁንጮውን እየቆረጠ ለጊደሯ አነጠፈላት። ከብት የሚያውቅ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ አያነጥፍም። እሱ የሚያውቀው ደንገል ለስላሳ መሆኑን ብቻ ነው።

ሰኞ በረካ አልበላም አለች። ማክሰኞ ገላዋ እንደ ምድጃ ጋለ። ስትራመድ እግሯን ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ከፍ ከፍ ታደርጋለች። አፏ ባዶ ሆኖ ያኝካል። ሸሪፋ ጅራቷን ገለጠች፤ ከሥሩ መዥገር ተሰክቷል። በጡቷ ዙሪያም እንዲሁ።

«ያቺ ናት!» አለ ቡርሀን። «ያቺ ባለ ጨርቅ! ዘርታብን ነው!»

«እዚህ ግቢ መቼ ገባች?»

ቡርሀን ጎንበስ አለ። መዥገሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ እሳት ውስጥ ጣላቸው። ሲጥላቸው ግን አያቸው። ጀርባቸው ቅብ ነው፤ እግራቸው ቀለበት ቀለበት። እንዲህ ያለ መዥገር ሰፈሩ ውስጥ አይቶ አያውቅም። ያየው አንድ ቦታ ነው፤ ጉብታዋ ላይ፣ ከገዛ ቁርጭምጭሚቱ ሲነቅለው።

እጁ ቆመ። ከዚያ የቀሩትንም ፈጥኖ ነቅሎ አቃጠለ። ሸሪፋ ሐኪሟን ልካ ካስጠራች ይቺ ሴት መዥገሩን ታያለች። መዥገሩን ካየች ጉብታዋን ትጠይቃለች። ጉብታዋን ከጠየቀች አጥር ይመጣል።

ሸሪፋ አስጠራች።

ቃልኪዳን ሙቀት መለኪያውን አውጥታ አየች። «አርባ አንድ ተኩል። መዥገር አለባት?»

«የለባትም» አለ ቡርሀን።

«አሁን እንደሌለባት አያለሁ። ነበረባት ወይ ነው ያልኩት።»

ቡርሀን ወደ እሳቱ ዞር ብሎ አየ።

«ጋሽ ቡርሀን፣ ይስሙኝ። ሁለት በሽታ እጠረጥራለሁ። አንዱ ደም ያጠፋል፤ ሌላው ልቧ ዙሪያ ውሃ ያቋጥራል። መድኃኒታቸው ይለያያል። እርጉዝ ናት፤ ተዳክማለች፤ ሁለቱን ባንዴ ልወጋት አልደፍርም። የተሳሳተውን ከወጋኋት ደግሞ ለነገ አትደርስም። የሚለየው መዥገሩ ነው፤ እሱን ደግሞ አላገኘሁም።»

ሸሪፋ ባሏን አየችው። «እኔ ልናገር ወይስ አንተ?»

ቡርሀን የአባቱን ታንኳ ማቆሚያ አሰበ፤ ገመዱን፤ ለእንግዶቹ የተጠበሰውን ቀረሶ። በዚህ መሐል በረካ በፊት ጉልበቶቿ ወደቀች። ለመነሳት ሞከረች፤ አልቻለችም። ሸሪፋ አንገቷን ደገፈች። አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

«ጀርባው ቅብ ያለበት ነው» አለ። «ወርቅማ። እግሩ ቀለበት አለው። አቃጠልሁት።»

«እንግዲያው የልቡ ነው» ብላ ሐኪሟ መርፌውን መሙላት ጀመረች። እየሞላች ጠየቀች፦

«ይቺ ጊደር ከግቢ አትወጣም አሉኝ። ከየት አመጣችው?»

ቡርሀን በእግሩ ንጣፉን ገለበጠ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። ይህን ደንገል የማሰጣው ድኩላ የሚተኛበት ነው።»

«ድኩላ የለም አላሉኝም?»

«ላንቺ ነዋ የሌለው።»

ሸሪፋ ከጊደሯ አንገት ሳትነሳ «ሰምተሻል?» አለች። «ከእኔም ሃያ ዓመት ደብቆታል።»

መርፌው ተወጋ። ንጣፉ ሁሉ ወጥቶ ተቃጠለ። ረቡዕ ለውጥ የለም። ቡርሀን ሥራ አልወጣም፤ በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ የጊደሯን ትንፋሽ ሲቆጥር ዋለ። ሐሙስ ቃልኪዳን ተመልሳ ደገመችላት። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ በረካ ቆማ ሣር ትነጫለች። ሸሪፋ ከአጠገቧ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ሳልጠይቅህ አንድ ቅጠል እዚህ እንዳታገባ» አለችው። እሺ አለ።

ቅዳሜ ሐኪሟን በታንኳ ጫናት። ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠ፦ የምትጽፈውን እዚያው ታነብለታለች።

ጉብታዋ ላይ ሲደርሱ ሁለት ድኩላዎች ዘለው ረግረጉ ውስጥ ጠፉ። ቃልኪዳን ጨርቁን አሥር እርምጃ ያህል ጎተተችና ገለበጠችው። ነጩ ጨርቅ በጥቃቅን እግሮች ይተራመሳል። ቡርሀን ወደኋላ ተራመደ። ሃያ ዓመት የተቀመጠበት፣ ምሳውን የበላበት ቦታ ነው።

ለቅማ ስትጨርስ ጻፈች።

«አንብቢ» አለ።

«ደንገሉ ችግር የለበትም። ድኩላውም እንደ ልማዱ እየኖረ ነው። ችግሩ እሱ በሚተኛበት ማስጣትና ያንን ወደ በረት ማምጣት ነው።»

«አጥር የሚል አለበት?»

«የለም።»

«ቦታው በስሙ ተጽፏል?»

«ቁጥር ብቻ ሰጥቼዋለሁ።»

«ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ቡርሀን ማንበብ አይችልም፤ የወረቀቱ ጀርባ ባዶ መሆኑን ግን በዓይኑ አየ። ያም ሆኖ ሲመለሱ ባመጣት መንገድ አልመለሳትም። በሰፊው ዞሮ፣ በሁለት የተለያዩ የደንገል መተላለፊያዎች አሳልፎ አወጣት። ገብቷታል። ከታንኳው ስትወርድ ጨርቁን ከእጇ ተቀበላት።

«ይህን ለእኔ ተይው።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ባንቺ ዓይን አላይም። በራሴ ልየው።»

አሁን ቡርሀን ደንገሉን ሜዳው ላይ፣ ከሌሎቹ መሐል ያሰጣል። ነዶው ሁሉ እሱ ብቻ በሚያውቀው ቋጠሮ ታስሯል። ፊቱን ወደ ነዶዎቹ አዙሮ ይቀመጣል፤ አብዱልከሪም ሻይ ሲጋብዘውም አይነሳም፤ ብርጭቆውን እዚያው ያስመጣል። ደንገሉን ከማሰጣቱ በፊት ደግሞ አቡጀዲውን በእንጨት አስሮ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይጎትትበታል።

«ቡርሄ!» ይለዋል አብዱልከሪም። «ከፈንህን ይዘህ መዞር ጀመርህ?»

«ያንተን ነው። ልኩን እያየሁ ነው።»

ሜዳው ዳር ሲደርስ ይቆማል። ጨርቁን አንስቶ ወደ ፀሐይ ይዘረጋዋል። ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። ቡርሀን ይገለብጠውና በሌላው በኩል ያየዋል።